ፓል ቱራን፡ የጡብ ጋሪ እየገፋ እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጥያቄ የጠየቀው የሒሳብ ሊቅ

በአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው ባቡር መጠበቅን ያውቃል። የሚጠብቀው ለመሳፈር ብቻ አይደለም፤ ባቡሩ አልፎለት መንገድ ለመሻገርም ይጠብቃል።

ከከተማዋ መሀል የሚነሳው ቀላል ባቡር የቢከን ሂልን ኮረብታ በዋሻ ካለፈ በኋላ ማውንት ቤከር ላይ በድልድይ ብቅ ይላል። ከዚያ ወደ መሬት ወርዶ የማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየርን ጎዳና መሀል ለመሀል ይዞ ይጓዛል። በኮሎምቢያ ሲቲ፣ በኦቴሎና በሬኒየር ቢች ጣቢያዎች አካባቢ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩበትና በሚነግዱበት በዚህ ሸለቆ፣ እግረኛው፣ መኪናውና ባቡሩ በአንድ ወለል ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይቆማል።

መስመሩ እአአ በ2009 ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሰፈሩ ነዋሪዎች ስብስብ ባቡሩ በእነርሱም አካባቢ ከመሬት በታች እንዲያልፍ ጠይቆ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነዋሪዎቹን ክስ ሳይቀበለው ቀረ። ከዓመታት በኋላ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተዘረጋው የዚያው መስመር ክፍል ግን በዋሻ ተሠራ።

ሁለት መንገዶች በአንድ ወለል ላይ ሲገናኙ ምርጫው ጥቂት ነው። ወይ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል፤ ወይ አንዱ በድልድይ ከፍ ወይም በዋሻ ዝቅ ይላል፤ ወይም ከመጀመሪያው መስመሮቹ እንዳይገናኙ ተደርገው ይነደፋሉ። በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ይኸው ጥያቄ ገጥሞታል። ከሰሜን ወደ ደቡብና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ሁለቱ መስመሮች በስታዲየምና በልደታ መካከል አንድ ከፍ ያለ ሐዲድ ይጋራሉ።

መስመሮች እርስ በርስ የሚያቋርጡባቸውን ነጥቦች እስከ ስንት ዝቅ ማድረግ ይቻላል? ይህን ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ ያደረገው የከተማ ፕላን ባለሙያ አልነበረም፤ የባቡር መሐንዲስም አልነበረም። እአአ በሐምሌ ወር 1944 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት አቅራቢያ፣ በጦር ሠራዊት ጥበቃ ሥር ጡብ የተጫነ ጋሪ እንዲገፋ የተገደደ የ33 ዓመት አይሁዳዊ ነበር። ስሙ ፓል ቱራን ይባላል።

በመጽሔት የተዋወቁ ወጣቶች

ቱራን በነሐሴ ወር 1910 ቡዳፔስት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ሁለት ታናሽ ወንድሞችና አንዲት ታናሽ እህት የነበሩት የቤቱ የበኩር ልጅ ነበር።

ሃንጋሪ በዚያን ጊዜ በሌሎች አገሮች እምብዛም የማይገኝ ልማድ ነበራት። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብቻ የሚዘጋጅ የሒሳብ መጽሔት በየወሩ ይታተም ነበር። መጽሔቱ ጥያቄ ያወጣል፤ ከመላ አገሪቱ ተማሪዎች መልስ ይልካሉ፤ የጎበዞቹ ስም በሚቀጥሉት እትሞች ይወጣል። በዚህ መንገድ ሳይተያዩ በስም የተዋወቁ ታዳጊዎች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ጓደኛሞች ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ ከጊዜ በኋላ በዓለም ላይ እየተዘዋወረ ከመቶዎች ሊቃውንት ጋር የሠራው ፖል ኤርዶሽ ነበር።

እነ ቱራን፣ ኤርዶሽ፣ ጆርጅ ሰከረሽና ኤስተር ክላይን በቡዳፔስት የከተማ መናፈሻ፣ ስሙ ያልታወቀ የታሪክ ጸሐፊ መታሰቢያ ሐውልት ከቆመበት ሥር እየተገናኙ ሒሳብ ይነጋገሩ ነበር። ሃንጋሪ በ1920 ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አይሁዶችን ቁጥር የሚገድብ ሕግ አውጥታ ስለነበር፣ አብዛኞቹ በሙያቸው ሥራ የማግኘት ተስፋቸው ጠባብ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ቱራን በ1933 የመምህርነት ዲፕሎማውን፣ በ1935 ደግሞ በታዋቂው ሊፖት ፌየር አማካሪነት የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1934 ስሙን ከሃንጋሪ ውጭ ያስጠራ ሥራ አሳትሞ ነበር። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃርዲና ሕንዳዊው ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1917 አንድ ትልቅ ቁጥር በአብዛኛው በስንት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች እንደሚካፈል በረጅምና በከባድ ስሌት አሳይተው ነበር። ብቸኛ ቁጥር ማለት እንደ 2፣ 3፣ 5 እና 7 ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ነው። የ24 ዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላው ቱራን ያንኑ ውጤት በአጭርና ቀላል በሆነ መንገድ አረጋገጠ። አካሄዱ ቁጥሮችን እንደ ዕጣ ቆጥሮ አማካይና ልዩነታቸውን የሚመዝን ሲሆን፣ በኋላ ለአንድ ሙሉ የሒሳብ ዘርፍ መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ተደርጎ ተቆጠረ።

በ1936 ደግሞ ከኤርዶሽ ጋር ሆኖ አንድ መላ ምት አቀረበ። ከሙሉ ቁጥሮች መካከል በቂ ድርሻ ያለው ስብስብ ከተወሰደ፣ እንደ 5፣ 11፣ 17፣ 23 እኩል ርቀት እየጠበቁ የሚሄዱ ቁጥሮች በፈለጉት ርዝመት ይገኙበታል የሚል ነበር። መላ ምቱን ያረጋገጠው ሌላው የሃንጋሪ ሊቅ ኤንድሬ ሰመሬዲ ሲሆን፣ ያም የሆነው በ1975 ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ ግን ለቱራን እንጀራ አልሆነለትም። አይሁዳዊ በመሆኑ ዩኒቨርሲቲ ቀርቶ መደበኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ አልቀጠረውም። ለዓመታት በየቤቱ እየዞረ ልጆችን በማስጠናት ኖረ። በ1938 የመጀመሪያ ቋሚ ሥራውን ያገኘው በቡዳፔስት የአይሁድ ሃይማኖት መምህራን ማሠልጠኛ ሥር ባለ ትምህርት ቤት ነበር።

ወረቀት የማይፈልግ ሒሳብ

የሃንጋሪ መንግሥት በ1939 ባወጣው ሕግ አይሁዳውያን ወንዶች መሣሪያ ሳይዙ በሠራዊቱ ሥር የግዳጅ ሥራ እንዲሠሩ የሚያደርግ ሥርዓት ዘረጋ። ቱራን ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው በመስከረም 1940 ነው። ከዚያ እስከ 1944 ድረስ በየጊዜው እየተጠራና እየተለቀቀ በጠቅላላው 32 ወራት ገደማ በዚህ ሥራ አሳለፈ። መጀመሪያ የተላከው ወደ ትራንሲልቫኒያ ሲሆን፣ የተመደበውም በባቡር ሐዲድ ግንባታ ላይ ነበር።

አካላዊ ሥራ የለመደ ሰው አልነበረም። እዚያ ሳለ በሙያው መሐንዲስ የነበረና ስሙን ከሒሳብ ጽሑፎቹ ያወቀ አንድ የጦር መኮንን አይቶት ቀለል ወዳለ ቦታ አዛወረው፤ በአንድ የእንጨት ማከማቻ ግቢ ለሚመጡ ሰዎች የሚፈልጉት መጠን ግንድ የት እንዳለ ማሳየት ሥራው ሆነ። በእነዚያ ቀናት ቱራን ወረቀትና እርሳስ ሳይዝ በጭንቅላቱ ብቻ አንድ ጥያቄ ያብሰለስል ጀመር።

ጥያቄው በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። በአንድ ግብዣ ላይ 10 ሰዎች አሉ እንበል። ከመካከላቸው ሦስቱ ሁሉም እርስ በርስ የሚተዋወቁ እንዳይሆኑ ከተፈለገ፣ በ10ሩ ሰዎች መካከል ቢበዛ ስንት ትውውቅ ሊኖር ይችላል? መልሱ 25 ነው። ሰዎቹን አምስት አምስት አድርጎ በሁለት ቡድን መክፈል፣ የአንዱን ቡድን ሰው ከሌላው ቡድን ሰው ሁሉ ጋር ማስተዋወቅ፣ በየቡድኑ ውስጥ ግን ማንንም ከማንም አለማስተዋወቅ ነው። ይህ የሦስት ሰዎች ጉዳይ ከ1907 ጀምሮ የታወቀ ነበር። ቱራን ያገኘው ሦስት በአራት፣ በአምስት ወይም በሌላ ማንኛውም ቁጥር ቢተካ የሚሠራውን አጠቃላይ ሕግ ነው። አራት ሰዎች እርስ በርስ እንዳይተዋወቁ ከተባለ ቡድኖቹ ሦስት ይሆናሉ፤ ትልቁ የትውውቅ ቁጥርም 33 ይደርሳል።

ሰዎችን በነጥብ፣ ትውውቅን በመስመር ተክቶ የሚያጠናው የሒሳብ ዘርፍ የግራፍ ቲዎሪ ይባላል። በ1941 በሃንጋሪ ቋንቋ የታተመው ይህ ውጤት ዛሬ የቱራን ቲዎረም በሚል ስም በዓለም ዙሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። መነሻው የእንጨት ግቢ መሆኑን ግን ከሚማሩት ጥቂቱ ብቻ ያውቃሉ።

የ1944 ሐምሌ

በመጋቢት 1944 የጀርመን ጦር አጋሩ የነበረችውን ሃንጋሪን ተቆጣጠረ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ከ430 ሺህ የሚበልጡ የሃንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፤ አብዛኞቹ የተላኩት ወደ አውሽቪትዝ ነበር። ከመጫናቸው በፊት ሰዎቹ ከየቤታቸው ወጥተው እንዲሰበሰቡ ከተደረገባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ በየከተማው ዳር የነበሩ የጡብ ፋብሪካዎች ናቸው። በፋብሪካዎቹ በኩል ብዙ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ያልፍ ነበርና።

በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት የማጓጓዙ ሥራ እንዲቆም ሲታዘዝ ከገጠርና ከትናንሽ ከተሞች አይሁዶች አብዛኞቹ ተወስደው አልቀው ነበር። የቡዳፔስት አይሁዶች ግን ገና ነበሩ። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

ቱራን በዚያ ወር ቡዳፔስት አቅራቢያ በሚገኝ የጡብ ፋብሪካ ተመድቦ ነበር። በግቢው ጡብ የሚተኮስባቸው እቶኖችና ጡብ የሚቀመጥባቸው ክፍት ማከማቻዎች ነበሩ። ከእያንዳንዱ እቶን ወደ እያንዳንዱ ማከማቻ ሐዲድ ተዘርግቷል። ሠራተኞቹ ከእቶን የወጣውን ጡብ በትንሽ ጋሪ ጭነው በሐዲዱ ላይ እየገፉ ወደ ማከማቻው ያደርሳሉ።

ግፊያው ራሱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ጋሪው በለሰለሰ ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ሐዲድ ሌላውን በሚያቋርጥበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጋሪው ይነጥራል፤ ጎማው ከሐዲዱ ይወጣል፤ ጡቡ ይፈሳል። ሠራተኛው ጋሪውን አንስቶ ወደ ቦታው መመለስ፣ የወደቀውን ጡብ አንድ በአንድ መልቀም አለበት። ጉልበቱም ጊዜውም የሚባክነው እዚህ ነው።

ቱራን ከተበተነው ጡብ አጠገብ ቆሞ የሐዲዶቹን አዘረጋግ ማየት ጀመረ። ሐዲዶቹ በሌላ ቅደም ተከተል ቢዘረጉ መስቀለኛ ነጥቦቹ ያንሱ እንደነበር ገባው። ቀጥሎ የመጣበት ሐሳብ ግን ከዚያ ፋብሪካ የሚያልፍ ነበር። የእቶኖቹና የማከማቻዎቹ ቁጥር ምንም ይሁን ምን፣ ከዚህ በታች መውረድ የማይቻልበት ትንሹ የመስቀለኛ ነጥቦች ቁጥር ስንት ነው? ከቀናት ማሰላሰል በኋላ ጥያቄው ከባድ መሆኑን ተረድቶ ተወው። ከአእምሮው ግን አልጠፋም።

ግቢውን የነደፈው ሰው ሐዲድ ሐዲድን ሲያቋርጥ በወረቀት ላይ ያየ እንደሆነ፣ ያየው ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቡ ምን እንደሚያስከፍል ያወቀው ጋሪውን የሚገፋው ነበር።

ሦስት ቤት፣ ሦስት አገልግሎት

ጥያቄውን ለመረዳት የሒሳብ ዕውቀት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሦስት ቤቶችን በነጥብ መሳል፤ ከዚያ የውኃ፣ የመብራትና የስልክ ማከፋፈያዎችን በሌሎች ሦስት ነጥቦች ማስቀመጥ። ሦስቱም ቤቶች ሦስቱንም አገልግሎት ማግኘት ስላለባቸው ዘጠኝ መስመሮች ይሳላሉ። መስመሮቹ እንደፈለጉ ሊጠመዘዙ ይችላሉ። ስምንቱን አንዱ ሌላውን ሳያቋርጥ መሳል ይቻላል። ዘጠነኛው ግን የትም ቢዞር ቢያንስ አንዱን ማቋረጡ የማይቀር ነው። ለሦስት እቶንና ለሦስት ማከማቻ ትንሹ ቁጥር አንድ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ከፍ ሲል የአዘረጋግ ብልሃት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አራት እቶኖች በአንድ ረድፍ፣ አራት ማከማቻዎች ትይዩ በሆነ ሌላ ረድፍ ቢቀመጡና 16ቱ ሐዲዶች ቀጥ ብለው ቢዘረጉ፣ ሁለት ሐዲዶች የሚያቋርጡበት አጋጣሚ 36 ጊዜ ይፈጠራል። አሁን ግን መሬት ላይ ትልቅ የመደመር ምልክት ይሳል። ከአግድሙ መስመር በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት እቶን ይቀመጥ። ከቋሚው መስመር በላይ ሁለት፣ በታች ሁለት ማከማቻ ይሁን። ከዚያ ሐዲዶቹ ቀጥ ብለው ይዘርጉ። በአራቱ ማዕዘኖች አንድ አንድ መስቀለኛ ነጥብ ብቻ ይኖራል፤ በጠቅላላው አራት። በአንድ ግቢ፣ በተመሳሳይ እቶንና ማከማቻ፣ ጋሪ የሚነጥርበት ቦታ ከ36 ወደ አራት ወረደ።

ይህ የመደመር ምልክት አሳሳል ለማንኛውም ቁጥር ይሠራል፤ የመስቀለኛ ነጥቦቹን ብዛት የሚሰጥ ቀላል ስሌትም አለው። የእቶኖቹ ቁጥር ለሁለት ይካፈላል፤ ከቁጥሩ አንድ ተቀንሶም ለሁለት ይካፈላል፤ የሚተርፍ ግማሽ ካለ ይጣላል። ለማከማቻዎቹም እንዲሁ ይደረጋል። ከዚያ የተገኙት አራት ቁጥሮች ይባዛሉ። ለአራት በአራት፣ ሁለት በአንድ በሁለት በአንድ ሲባዛ አራት ይሆናል። ጥያቄው ከዚህ የተሻለ፣ ማንም ገና ያላሰበው አሳሳል ይኖር ይሆን? የሚለው ነው።

ከሞት የተረፈ ሰው

ቱራን ከጦርነቱ ተረፈ። ሁለት ወንድሞቹና እህቱ ግን አልተረፉም።

ነጻ ከወጣ በኋላ ስላጋጠመው ነገር በጓደኞቹ ዘንድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቡዳፔስት ውስጥ ሲሄድ የሶቪየት ወታደሮች አስቁመው መታወቂያ ጠየቁት። በዚያ ወቅት እንዲህ የተያዙ ብዙ ሰዎች ወደ ሶቪየት የግዳጅ ሥራ ካምፖች ተወስደዋል። ቱራን በእጁ የነበረው ከጦርነቱ በፊት በአንድ የሶቪየት የሳይንስ መጽሔት የታተመ የሒሳብ ጽሑፉ ነበርና እሱን አሳየ። ወታደሮቹ ተገርመው ለቀቁት ይባላል።

በ1945 በቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዴንማርክ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ወደሚገኘው የፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም ሄዶ ለወራት ሠራ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1949 የቡዳፔስት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1948 እና በ1952 የአገሪቱን ታላቅ የኮሹት ሽልማት ተቀበለ። አንድ ጊዜ በአስጠኚነት እንዲኖር የተፈረደበት ሰው ከሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባላት አንዱ ለመሆን በቃ። ሁለተኛ ሚስቱ ቬራ ሾሽ እራሷም ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነበረች።

በ1952 ቱራን ወደ ፖላንድ ተጉዞ ንግግር ሲያደርግ የጡብ ፋብሪካውን ጥያቄ አነሳው። ካዳመጡት መካከል የዋርሶው ካዚሚየሽ ዛራንኪየቪች ይገኝበታል። ዛራንኪየቪችም በጦርነቱ ወቅት ጀርመኖች የከለከሉትን ትምህርት በድብቅ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ማጎሪያ ካምፕ የተላከ ሰው ነበር። ከአንድ የግዳጅ ሠራተኛ የተነሳው ጥያቄ በሌላ እስረኛ የነበረ ሰው እጅ ወደቀ።

ዛራንኪየቪች በ1954 መልሱን አሳተመ። ከመደመር ምልክቱ አሳሳል የተሻለ የለም፤ ስሌቱም የመጨረሻው ትንሹ ቁጥር ነው አለ። ሌላው ፖላንዳዊ ካዚሚየሽ ኡርባኒክም ለብቻው ተመሳሳይ መልስ ላይ ደርሶ ነበር። ውጤቱ በመጻሕፍትና በጽሑፎች ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ሐቅ ተጠቀሰ፤ ሌሎች ሰዎችም በላዩ ገነቡበት። ዛራንኪየቪች በ1959 ለንደን ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ የሕዋ ጉዞ ጉባኤ ላይ ሳለ በድንገት ሞተ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ጀርመናዊው ገርሃርድ ሪንገልና አሜሪካዊው ፖል ካይነን እርስ በርስ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ማረጋገጫው ቀዳዳ ነበረው። አሳሳሉ ትክክል ነው፤ ስሌቱም በአሳሳሉ ላይ ያሉትን ነጥቦች በትክክል ይቆጥራል። ከዚያ ያነሰ እንደማይቻል የሚያሳየው ክፍል ግን አልቆመም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጋይ በ1969 የቲዎረሙን ውድቀት የሚተርክ ጽሑፍ አወጣ። ከ10 ዓመት በላይ ቲዎረም ሲባል የኖረው ተመልሶ መላ ምት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ድል በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ነው። በ1970 ዳንኤል ክላይትማን ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ከስድስት የማይበልጥ ከሆነ ስሌቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጠ። በ1993 ዳግላስ ዉዳል በኮምፒዩተር ታግዞ ለሰባትና ለስምንት እቶኖች፣ እስከ 10 ማከማቻ ድረስ ያለውን ጨመረ። ከዚያ በላይ ያሉት የመጀመሪያ ጉዳዮች ሰባት በ11 እና ዘጠኝ በዘጠኝ ናቸው። ለሰባት በ11 ስሌቱ 225፣ ለዘጠኝ በዘጠኝ 256 መስቀለኛ ነጥቦች ይላል። ሌላ የተሻለ አሳሳል ያገኘ ሰው የለም፤ እንደሌለ ሙሉ በሙሉ ያረጋገጠም የለም።

ጥያቄው ከፋብሪካው ግቢ ሲወጣ

ቱራን ጥያቄውን ሲጠይቅ ኮምፒዩተር ገና በእንጭጩ ነበር። ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች ላይ ሽቦዎች እንደ ፋብሪካው ሐዲዶች ነጥብ ከነጥብ ያገናኛሉ። ሁለት ሽቦዎች በአንድ ንጣፍ ላይ መነካካት ስለሌለባቸው፣ በተቋረጡ ቁጥር ሌላ ንጣፍና ተጨማሪ ቦታ ይጠይቃሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተመራማሪዎች የመስቀለኛ ነጥቦች ቁጥር አንድ ሰሌዳ የሚፈልገውን ስፋት እንደሚወስን አሳዩ። በ1983 ደግሞ ለማንኛውም የተሰጠ መረብ ትንሹን ቁጥር ማግኘት ለኮምፒዩተር እጅግ ከባድ ከሚባሉት የጥያቄ ዓይነቶች መመደቡ ተረጋገጠ።

ቱራን ይህን ለማየት አልደረሰም። በ1970 ገደማ የደም ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ሚስቱና ሐኪሞቹ አወቁ፤ ለእሱ ግን አልተነገረውም። እሱም እንደ ወትሮው ሠራ፣ አስተማረ፣ ጻፈ። የቅርብ ጓደኛው ኤርዶሽ ምሥጢሩን የሰማው በመጨረሻው ዓመት በ1976 ሲሆን፣ ጓደኛው ቢያውቅ ኖሮ ዋናውን መጽሐፉን ለመጨረስ ይተጋ ነበር ብሎ በመደበቁ ይቆጭ ነበር። ቱራን በመስከረም 1976 በ66 ዓመቱ ቡዳፔስት ውስጥ አረፈ። ከኤርዶሽ ጋር በ46 ዓመታት ውስጥ 28 ጽሑፎችን አብረው አሳትመዋል። ለብዙ ዓመታት ሲያሰፋው የኖረው መጽሐፍ በ1984 ወጣ።

ከሞቱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1977፣ ለግራፍ ቲዎሪ ብቻ የተቋቋመ አዲስ መጽሔት የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። በዚያ እትም ቱራን ከመሞቱ በፊት የጻፈው አጭር የደስታ መግለጫ ይገኛል። ይህ ዘርፍ በሕይወቱ ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረው ሲያስረዳ ስለ እንጨት ግቢውና ስለ ጡብ ፋብሪካው ተርኳል። የጠባቂዎቹን ጭካኔ አላተተም፤ የዘመኑን ግፍ አልዘረዘረም። ስለ ሐዲዶቹና ጋሪው ከሐዲድ ስለሚወጣበት ቦታ ግን አንባቢው እንዲገባው አድርጎ ነገረ። የዓለም ሊቃውንት ዛሬም የሚሠሩበት ጥያቄ ታሪኩ በዋናነት የሚታወቀው ከዚያች አጭር ጽሑፍ ነው።

በሬኒየር ቫሊ፣ በኦቴሎ ጣቢያ አጠገብ፣ ባቡሩ ሲቃረብ ደወል ይደወላል። የገበያ ዘንቢል የያዙ እናቶችና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ጠርዝ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በካርታው ላይ ቦታው ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ነው። በየቀኑ ለሚሻገሩት ግን ነጥብ ብቻ አይደለም፤ ቱራን በ1944 ከተበተነው ጡብ አጠገብ ቆሞ ያየውም ይህንኑ ነበር።